የቻይና ነሐስ ዕቃ ላይ ያለው ባለ ሁለት ዐይን ፊት ምንድን ነው? ልጄ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ

ሚጡ_ዲሲ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው ግን እዚህ ቤት የማይመለስ ነገር የለም ብዬ ነው። ቅዳሜ ኦፍ ነበርኩ፣ ዝናብ ነበር፣ ልጄ ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ፣ ስለዚህ ይዤው ዲሲ ወረድኩና ስሚዝሶኒያን ሜትሮ ጣቢያ ወርደን ፍሪር ጋለሪ ገባን (መግቢያው ነጻ ነው፣ ልጅ ያላችሁ እወቁት)። የጥንት ቻይና ነሐስ የተደረደረበት ክፍል ስንደርስ ልጄ አንዱ መስታወት ፊት ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። "እማዬ ይሄ ያየኛል" ይለኛል። እኔ መጀመሪያ ጥምዝምዝ ያለ መስመር ብቻ ነው የታየኝ፣ የሆነ የእንጀራ ዐይን የመሰለ ዝም ብሎ የተሞላ ነገር። ጎንበስ ብዬ በሱ ቁመት ሳየው ግን ሁለት ዐይን ፍጥጥ ብሎ አለ! አፍንጫ አለው፣ ቀንድ አለው፣ ታችኛው አገጭ የለውም። አንዴ ካየሁት በኋላ ደሞ ዞር ባልኩበት ዕቃ ሁሉ እሱ ሆነ፣ ባልዲ የሚመስለው ላይ፣ መለከት የሚመስለው ላይ፣ ሦስት እግር ያለው ላይ። ካርዱ የመጠጥ ዕቃ ነው፣ 3 ሺህ ዓመት ይሆነዋል ይላል። የመጠጥ ዕቃ ላይ እንደዚህ የሚያስፈራ ፊት ምን ይሠራል? ሰይጣን ነው? ጠባቂ ነው? ልጁ በየቀኑ እየጠየቀኝ ነው።

ገልቱ_ነኝ

ሚጡዬ ይሄማ ግልጽ ነው፣ ሰውየው ሲጠጣ ሚስቱ እንዴት እንደምታየው ዋንጫው ላይ ቀርጾት ነው። እኔ ብርሌ ባነሳሁ ቁጥር የማየው ፊት እሱ ነው። ቀጣይ ጥያቄ።

ጄንግጆው_ተማሪ

😂 ገልቱ ተው። እህቴ ሚጡ፣ እኔ ሄናን የሚባለው ክፍለ ሀገር ጄንግጆው ከተማ ነው የምማረው፣ ዕቃዎቹ ከወጡበት መንደር ጎረቤት ማለት ነው፣ ስለዚህ የቻልኩትን ልጻፍ። ያየሽው ፊት ታኦቲዬ ይባላል። የሻንግ ሥርወ መንግሥት (ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 እስከ 1046 አካባቢ) ነሐስ ላይ የሌለበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በፊቱ ዙሪያ ያለውን ጥቃቅን ካሬ ጥምዝምዝ ደግሞ ቻይናዎቹ ሌይዌን ይሉታል፣ የነጎድጓድ ጥለት እንደማለት።

አሁን ለልጅሽ የሚሆን ጨዋታ ልንገርሽ። ሌላ ጊዜ ስትሄዱ እጁን ዘርግቶ የፊቱን ግማሽ ይሸፍነው፣ ልክ አፍንጫው መሀል ላይ። የቀረው ግማሽ ፊት መሆኑ ይቀርና በጎኑ የቆመ ዘንዶ ይሆናል፣ አንድ ዐይን፣ የተጠቀለለ ጅራት፣ እግር ከነጥፍሩ። ማለት ሁለት ዘንዶ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ናቸው አንድ ፊት የሆኑት። እኔ ይሄን ያሳየኝ መምህር ነው፣ ስድስት ወር ሙሉ ሙዚየም እየተመላለስኩ ግማሹን ብቻ አይቼው አላውቅም ነበር።

ስሙን በተመለከተ ግን ተጠንቀቂ፣ ሻንጎቹ ራሳቸው ምን ይሉት እንደነበር የተጻፈ ነገር የለም። ታኦቲዬ የሚለው ሻንግ ከወደቀ ወደ 800 ዓመት ካለፈ በኋላ የተጻፈ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው፣ "ጭንቅላት እንጂ ገላ የለውም፣ ሰው ይበላል ሳይውጠው ግን ጉዳቱ ለራሱ ይተርፈዋል" የሚል። ስግብግብ ማለት ነው ባጭሩ። ከዛ በ11ኛው መቶ ዘመን የሶንግ ዘመን ሊቃውንት አሮጌ ዕቃ መሰብሰብና መዝገብ ማዘጋጀት ሲጀምሩ ያንን ስም አንስተው ለዚህ ፊት ለጠፉለት፣ በዛው ቀረ። የዕቃዎቹንም ስም፣ ጁዌ፣ ጉ፣ ጂያ ምናምን የሚባሉትን፣ አብዛኛውን ከዕቃው ጋር ያዛመዱት እነሱ ናቸው።

ጥርጣሬ

ተማሪው ጥሩ ጽፈሃል ግን "ስግብግብ አውሬ" የሚለውን ለሕፃን ከመንገርህ በፊት አንድ ነገር ልበል። ምንም ትርጉም የለውም የሚሉ ምሁራን አሉ እኮ። ማክስ ሎየር የሚባል ሰው በ1953 (በፈረንጅ) አንድ ጽሑፍ ጻፈ፣ የአንያንግን (የሻንግ የመጨረሻ ዋና ከተማ ናት) ነሐስ ጌጥ ብቻ እያየ በአምስት ደረጃ ከፈለው፣ መጀመሪያ ቀጭን መስመር፣ ከዛ ወፈር ያለ መስመር፣ ከዛ ጥቅጥቅ ያለ፣ በመጨረሻ ፊቱ ከመደቡ ተነስቶ እስከሚወጣ። ሰውየው መሬት አልቆፈረም፣ በዐይኑ ብቻ ነው። በኋላ ጄንግጆው አካባቢ ሲቆፈር ቅደም ተከተሉ እሱ ባለው መንገድ ተገኘ! ከዛ ተነስቶ ምን አለ፣ ይሄ ፊት ከመስመር ጨዋታ የተወለደ ንጹሕ ጌጥ ነው፣ ከኋላው ሃይማኖት አትፈልጉ አለ። ሌላ ወገን ደሞ የሃርቫርዱ ክዋንግቺህ ቻንግ አለ፣ እንስሶቹ መንፈስ ጠሪውን ከሙታን ጋር የሚያገናኙ መልእክተኞች ናቸው ባይ ነው። እኔ ከሎየር ጋር ነኝ። ሰው ባዶ ቦታ አይወድም፣ ሞላው፣ አለቀ።

ቤተ_አንጥረኛ

ልጆች እኔ ቻይና ሄጄ አላውቅም ግን የነሐስ ልጅ ነኝ፣ አጎቴ መስቀልና ጸናጽል ያፈሳል፣ እኔም ከልጅነቴ ወናፍ ስነፋ ነው ያደግሁት። ይሄ ክርክር በኛ አማርኛ ሰምና ወርቅ ነው ባጭሩ። ጥርጣሬ "ሰሙ ብቻ ነው ያለው ወርቅ የለውም" እያለ ነው፣ ያኛው ፕሮፌሰር ደሞ ወርቁን እየፈለገ ነው።

የሚያስቀው ምን መሰላችሁ፣ ሰምና ወርቅ የሚለው አነጋገር ራሱ ከኛ ሙያ የወጣ ነው። እኛ ዕቃውን መጀመሪያ በሰም እንሠራዋለን፣ በጭቃ እንለብጠዋለን፣ እሳት ላይ ሲሆን ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በሱ ቦታ የቀለጠው ማዕድን ይገባል፣ ከዛ ጭቃው ይሰበራል። አንድ ቅርጽ አንድ ዕቃ። የሻንግ ሰዎች ግን ሰም አልተጠቀሙም! የዩቱብ ቪዲዮ አይቼ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ዕቃውን መጀመሪያ በጭቃ ይሠሩታል፣ ከዛ በላዩ እርጥብ ጭቃ ይጭኑበታል፣ ጠንከር ሲል እንደ ብርቱካን ልጣጭ በቁራጭ በቁራጭ እየቆረጡ ይልጡታል፣ ይተኩሱታል፣ ከዛ የውስጥ ልብ የሚሆን ሌላ ጭቃ መሀል ያቆሙና ቁራጮቹን መልሰው ዙሪያውን ይገጥማሉ፣ በሁለቱ መሀል ያለችው ቀጭን ክፍተት ናት ነሐሱ። ክፍተቷ እንዳትዛባ ትናንሽ የነሐስ ቁራጭ መሀል ላይ ይሰነቅራሉ፣ ዛሬ ዕቃውን በኤክስሬይ ሲያዩት ቁራጮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። መዳብ፣ ቆርቆሮ፣ ትንሽ እርሳስ። ያንን የሚያህል ጌጥ ያለው ዕቃ በዚህ መንገድ ማውጣት፣ እኔ ስልኬን አስቀምጬ ነው "አይ እጅ!" ያልኩት።

እና ሚጡ እህቴ፣ ዕቃው ጥግ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ዶሮ ኩክኒ የወጣ ክንፍ ነገር አላየሽም? እሱ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁራጭ ቅርጽ የተገጠመበት ቦታ ነው። መጋጠሚያ ላይ ነሐስ ሾልኮ መስመር ይሠራል፣ እኛ በሞረድ እንሞርደዋለን፣ እነሱ ግን ጌጥ አደረጉት፣ ነውሩን ኩራት አደረጉት። ፊቱ ግራና ቀኙ እኩል የሆነውም ለኔ ከዚህ የመጣ ነው፣ ቅርጹ በክፍል በክፍል ስለሚሠራ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚመጥን ጌጥ ፈለጉ፣ የሚመጥነው ደሞ ፊት ነው። በሰም ብትሠራው እጅህ ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

ጥርጣሬ

ጋሼ አሁን እኮ ለኔ ነው የመሰከሩልኝ! ጌጡ ከቅርጽ ሥራው ተወለደ ማለት ነው።

ቤተ_አንጥረኛ

አልመሰከርኩልህም ልጄ። አሠራሩ "እኩል አድርገው" ይላል፣ "ዐይን አድርግበት" አይልም። እኩል የሆነ አበባም መሥራት ይችሉ ነበር። ዐይኑን ያመጣው ሌላ ነገር ነው።

ጄንግጆው_ተማሪ

ጋሼ ልክ ነዎት። ራሱ ሎየር የመጀመሪያ ያለው ቀጭን መስመር ላይ እንኳ ሌላው ነገር ሁሉ ጠፍቶ ዐይኑ አለ። ከዛም በላይ ሊያንግጁ የሚባል ከያንግዚ ወንዝ ማብቂያ አካባቢ የነበረ ባህል አለ፣ ከአንያንግ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል፣ እነሱ ጄድ ድንጋይ ላይ ክብ ዐይን ያለው ፊት ሲቀርጹ ነው የኖሩት። ድንጋይ ሲቀረጽ መጋጠሚያ የለውም። ስለዚህ ዐይኑ ነሐስ ከመፍሰሱ በፊት ነበር።

እትዬ_ጠጅቤት

እናንተ ልጆች ስለ ፊቱ ትጨቃጨቃላችሁ፣ መጠጡ ምን እንደነበር የጠየቀ የለም። እናቴ 31 ዓመት ጠጅ ቤት ነበራት። ያቺ ሦስት እግር ያላት፣ አፏ ላይ ሁለት ምሰሶ የቆመባት፣ ያ ምሰሶ ለምንድን ነው? እኔ ፎቶውን ሳየው የታየኝ ጨርቅ ማሰሪያ ነው። ማጥለያ። ጌሾው ከነ አተላው አብሮ እንዳይወርድ።

ጄንግጆው_ተማሪ

እትዬ ይገርምዎታል፣ ይሄን ሐሳብ ያነሱ ምሁራን አሉ! ያቺ ጁዌ ትባላለች። ሌሎቹ ደሞ ከእሳት ላይ በመቆንጠጫ ለማንሳት ነው ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ታች ጥላሸት ስለተገኘ፣ መጠጡን ያሞቁባት ነበር ማለት ነው። ሌላው "ስትጠጣ ምሰሶው ፊትህን ይነካሃል፣ ጭልጥ አታድርገው ለማለት ነው" ይላል፣ ይቺን እኔ አልወደድኳትም። ጁዌ ከነሐስ የመጠጥ ዕቃ ሁሉ ቀዳሚዋ ናት፣ አርሊቶው የሚባል ቦታ ላይ ከክርስቶስ በፊት 1700 እና 1600 መካከል የሆነች ጌጥ የሌላት፣ ቅጥነቷ እንደ ፌንጣ የሆነ ተገኝታለች።

መጠጡ የወይን ፍሬ አይደለም፣ እኛ በልማድ ወይን እንላለን እንጂ ከእህል ነው፣ የዳጉሳ ዘመድ ከሆነ ጥቃቅን እህል፣ ለመሥዋዕት የሚሆነው ደሞ ሽታ ያለው ዕፅ ይጨመርበታል። ወደ ጠላ ይጠጋል። ግን እዚሁ ሄናን ውስጥ ጂያሁ በሚባል ቦታ ከ9 ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሸክላ ላይ የቀረውን ዝቃጭ በ2004 ሲመረምሩት ሩዝ፣ ማርና የፍሬ ጭማቂ አብሮ የተብላላበት መጠጥ ሆኖ ተገኘ።

እትዬ_ጠጅቤት

ማር ካለበት ጠጅ ነው። ሩዙን ማን ጨምር አላቸው።

ገልቱ_ነኝ

እትዬ ለ9 ሺህ ዓመት ዘግይተው አረሟቸው 😂😂

ጄንግጆው_ተማሪ

ሌላ የሚገርም፣ አንዳንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ዝጎ ግጥም ብሎ ስለተዘጋ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከ3 ሺህ ዓመት በኋላ እንዳለ ተገኝቷል። ሲያንገጫግጩት ይሰማል።

እና እኔ የምወደው ዕቃ ስላለ ካልጻፍኩት አልተኛም። ፉ ሃዎ የምትባል የንጉሥ ዉ ዲንግ ሚስት ነበረች፣ ከክርስቶስ በፊት 1200 አካባቢ። የጦር አዛዥ ናት፣ በአጥንት ላይ የተጻፈው መዝገብ 13 ሺህ ሰው አስከትላ እንደዘመተች ይናገራል። መቃብሯ በ1976 አንያንግ ላይ ጄንግ ጄንሺያንግ በምትባል ሴት አርኪዮሎጂስት መሪነት ሲከፈት ሌባ ያልነካው ሆኖ ተገኘ፣ ይሄ እዛ አገር ሎተሪ ነው። 468 የነሐስ ዕቃ፣ ከሱ ውስጥ 53ቱ መለከት የሚመስለው ጉ፣ 40ው ጁዌ። ሴትየዋ በወዲያኛው ዓለም ድግስ ልትደግስ ነው የሄደችው። (16 ሰውም አብሯት ተቀብሯል፣ ይሄንን ደሞ ሳልጽፈው ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።)

ከዕቃዎቹ ሁለቱ ጉጉት ናቸው። ጉጉት ቅርጽ ያለው የመጠጥ ዕቃ። አንዱ ቤጂንግ ነው፣ ሌላው እዚህ ጄንግጆው ሄናን ሙዚየም፣ እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥርም። ቁመቱ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ደረቱን ገልብጦ ቆሟል፣ በሁለት ወፋፍራም እግሩና በጅራቱ ነው የሚቆመው፣ ጅራቷ ሦስተኛ እግር ሆናለች። ክንፉን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ክንፍ አይደለም፣ የተጠቀለለ እባብ ነው። ክዳኑ ከጭንቅላቱ ኋላ፣ እጀታው ጀርባው ላይ፣ አፉ ውስጥ ደሞ ስሟ ተጽፏል፣ ፉ ሃዎ፣ ሁለት ፊደል። ጉጉት እኛ ጋ ሟርተኛ ወፍ ነው፣ እነሱም ጋ በኋላ ዘመን እንደዛ ሆነ፣ ያን ጊዜ ግን ንግሥት ስሟን ያጻፈችበት ነው።

የመርካቶ_ልጅ

ወገን ጥያቄ። እኔ ጓንጁ ለንግድ ስመላለስ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ያቺን ሦስት እግር ያላትን ገዝቻለሁ፣ አረንጓዴ ናት፣ ሰውየው ጥንታዊ ናት ብሎ ማለልኝ፣ ሳሎን ላይ ናት። ስንት ታወጣለች?

ቤተ_አንጥረኛ

ወንድሜ በጥርስ ብሩሽና በሙቅ ውሃ እሻት፣ አረንጓዴው ከለቀቀ ቀለም ነው። ነሐስ መሬት ውስጥ ሲቆይ አረንጓዴ ይሆናል፣ እሱም እንደ ቆዳው ይሆናል እንጂ አይታጠብም። ሲፈስስ እኮ እንደ ወርቅ ነው የሚያበራው፣ ሻንጎቹ ዛሬ ቢነሱ የኛን ሙዚየም አይተው "ምነው ዕቃችንን አላጠባችሁትም" ነው የሚሉን።

የመርካቶ_ልጅ

አሻሁት። ሚስቴ ሳሎን ላይ ትቆይ ብላለች፣ አሁን ቢጫ ናት።

ጄንግጆው_ተማሪ

😂😂 ኦርጅናል ብትሆን ይባስ ነበር፣ የጥንት ዕቃ ከቻይና ማውጣት ወንጀል ነው።

ስለ ዕቃና ገበያ ካነሳችሁ ግን ሄ ዙን የሚባለውን የመጠጥ ዕቃ ታሪክ ስሙ። በ1963 ባኦጂ አካባቢ አንድ ገበሬ ከቤቱ ኋላ ያለው አፈር ሲናድ አንድ ነሐስ አገኘ። በ1965 በ30 ዩዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ተሸጠ። ሊቀልጥ ነው እንግዲህ! የሙዚየም ሠራተኛ በአጋጣሚ አይቶት አዳነው። ሙዚየም ገብቶም አሥር ዓመት ሙሉ ከነዝገቱ ተቀመጠ። በ1975 ለኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ የሻንጋዩ ባለሙያ ማ ቼንግዩዋን እጁን ውስጡ ከትቶ ታቹን ሲዳብስ ጎርበጥ አለው፣ ዝገቱ ይጸዳ አለ፣ ሲጸዳ 122 ፊደል ወጣ። ከሻንግ ቀጥሎ በመጣው በጆው ዘመን ነው የተጻፈው፣ ንጉሥ ቼንግ አዲስ ከተማ ስለመሥራቱ፣ ውስጡ ላይ "ጆንግጓ" የሚል አለ፣ ዛሬ ቻይናዎች አገራቸውን የሚጠሩበት ስም፣ እስካሁን ከተገኘው ሁሉ የመጀመሪያው። ያኔ "መካከለኛው ምድር"፣ የሉዎያንግ አካባቢ ማለት ነበር። ይሄ ሁሉ የመጠጥ ዕቃ ቂጥ ላይ።

ሚጡ_ዲሲ

ወይኔ 30 ዩዋን! ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ ሆኜ እያነበብኩ ነው፣ ሻዬ ቀዘቀዘ። ግን ከሻንግ በኋላ ፊቱ የት ሄደ?

ጥርጣሬ

እዚህ ላይ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ለኔ ክርክር ስለማይመች ሐቀኛ ልሁን። ጆዎች ሻንግን ከክርስቶስ በፊት በ1046 አካባቢ ሲጥሉ "አገራቸውን ያጡት በመጠጥ ነው" አሉ። በኋላ የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን የመጨረሻው የሻንግ ንጉሥ የመጠጥ ኩሬ ነበረው ይላል፣ እሱ ማጋነን ሊሆን ይችላል፣ ግን የጆው ነሐስ ላይ ራሱ የሻንግ ሹማምንት ጠጪ ስለሆኑ ሥልጣን ተነጠቁ የሚል ጽሑፍ አለ። የመጠጥ አዋጅም ወጣ፣ ተሰብስቦ የጠጣ ይገደል የሚል። ከዛ ቀስ በቀስ ጁዌና ጉ መሠራታቸው ቀረ፣ የምግብ ዕቃ በዛ፣ ፊቱም ሟሸሸና በምትኩ ትልልቅ ወፍና ሞገድ የመሰለ ጥለት መጣ። ኮንፊሽየስ ዘመን ላይ ሲደርስ ጉ የሚባለው ዕቃ ስሙ እንጂ መልኩ ቀርቷል፣ እሱም "ጉ ጉ ካልሆነ ምኑን ጉ ሆነ!" ብሎ አማሯል። ንጹሕ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ከመጠጡና ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ባልሞተ፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግማሹን።

ጄንግጆው_ተማሪ

ግማሹን ማለት አንዱን ዘንዶ ነው? 😂 በነገራችን ላይ እዛው አዋጅ ላይ ጋሼን የሚመለከት አለ። የሻንግ ሹማምንትና የእጅ ባለሙያዎች ሰክረው ቢገኙ ግን አይገደሉ፣ መጀመሪያ ይመከሩ ይላል።

ቤተ_አንጥረኛ

ባለሙያ ከገደሉ ማን ያፈስላቸዋል። ይሄን አትሜ ወርክሾፑ ላይ ነው የምለጥፈው፣ አጎቴ ደስ ይለዋል፣ የሱ ጉዳይ ስለሆነ 😄

ሚጡ_ዲሲ

ቤተሰብ ዛሬ ተመልሰን ሄድን!! ዝናብም አልነበረም፣ ልጁ ራሱ ነው የጎተተኝ። መጀመሪያ ክንፍ የሚመስለውን መጋጠሚያ አሳየሁት፣ ጋሼ እንዳሉት ጥግ ጥጉ ላይ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ከዛ መዳፉን ዘረጋና አንድ ዐይኑን ጨፍኖ የፊቱን ግማሽ ሸፈነ፣ ጥበቃው "መስታወቱን አትንካ" ሊለው ሲመጣ "ዘንዶ ዘንዶ" እያለ ይጮሃል፣ ሰውየው ራሱ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘርግቶ አየ፣ ስንት ዓመት እዚህ ቆሜ አላውቅም ነበር አለኝ። ልጄ እጁን ሳያወርድ ምን አለኝ፣ "እማዬ አሁን አያየኝም፣ ጓደኛውን ነው የሚያየው።"

ጄንግጆው_ተማሪ

❤️ ይሄን ለመምህሬ ተርጉሜ ልነግረው ነው። ዝሆኗንስ አያችኋት? ፍሪር ውስጥ ትንሽዬ የመጠጥ መቅጃ አለች፣ ስንዝር የማትሞላ ዝሆን፣ ክዳኗ ላይ ሌላ ግልገል ዝሆን የቆመባት። ያን ጊዜ እዚህ ሄናን ዝሆን ነበር እኮ፣ የክፍለ ሀገሩ አጭር መጠሪያ ፊደል ውስጥ ራሱ ዝሆን አለ።

ሚጡ_ዲሲ

አላየናትም!! አልነገርከኝም እኮ። በል እንግዲህ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ ነኝ፣ የዛኛው ሳምንት።

እትዬ_ጠጅቤት

ስትሄዱ ያቺን ባለ ምሰሶዋን አፏን በደንብ ፎቶ አንሺልኝ፣ ከላይ። ጨርቅ ያሠረ ምሰሶ ቢሆን አንገቱ ላይ ይጎድጉድ ነበር፣ አይቼ እነግራችኋለሁ።